«ሐይቁ ሲንቀሳቀስ የምንቀሳቀሰው እኔ ይመስለኛል»

አንዲት የሀዋሳ ነዋሪ የላኩልን ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ አሳጥረን አቅርበነዋል።

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ፈታሽ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ መብራት በተገጠመለት ጠረጴዛ ላይ እየተጠቀለለ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየሁ እንከን ባለበት ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በተለይ ባለመስመር ጨርቅ ሲያልፍ ወለሉ ከእግሬ ሥር የሚሸሽ ይመስለኛል፤ ያቅለሸልሸኛል፤ ማሽኑ ቆሞም ለሰዓታት አይለቀኝም፤ ብርሃንና ጫጫታም ያስጠላኛል። አሁን አሁን ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ መካከል፣ ስልኬን በጣቴ ወደ ላይ ስገፋ ሳይቀር ይመጣብኛል። እሁድ እሁድ ልጄን ይዤ ፍቅር ሐይቅ መሄድ እወድ ነበር፤ አሁን ግን ሐይቁ ሲንቀሳቀስ የምንቀሳቀሰው እኔ ይመስለኛል። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ የወር አበባዬ ሲቃረብ ግማሽ ራሴን የሚፈልጥ ሕመም ነበረብኝ፤ እናቴም ነበረባት። ደም ማነስ፣ ስኳርና ግፊት ተመርምሬ ምንም የለብሽም ተባልኩ፤ ዓይኔም ደህና ነው ተብሏል። ባለቤቴ ሥራው ስለሰለቸሽ ነው ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው እያለች ጸበል እንድጠመቅ ትወተውተኛለች። ከሥራ ስመለስ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። ሥራዬን ልተወው?»

እህቴ፣ ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። የሚሰማዎት ነገር እውነተኛ ሕመም ነው። ሐኪሞቹ ደም ማነስም፣ ስኳርም፣ ግፊትም የለብዎትም ማለታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእነዚህ ምርመራዎች የማይታይ ሕመም ብዙ ነው። «የፈለግነው አልተገኘም» የሚለው ቃል ታካሚው ዘንድ ሲደርስ «ምንም የለብሽም» ሆኖ መድረሱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ከዚያ በኋላ ታማሚው ሕመሙን መደበቅ ይጀምራልና፣ ቤተሰቡም ሰበብ ፍለጋ ይመስለዋልና።

በደብዳቤ ብቻ የሕመም ስም አይወሰንም። ይሁን እንጂ የጻፉልኝ ሁሉ ሲገጣጠም ቬስቲቡላር ማይግሬን የሚባለውን ሕመም በብርቱ ያስጠረጥራል። በአገራችን ራስ ፍልጠት የምንለው ማይግሬን ራስ ማመም ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀውን ክፍል ይነካና በማዞር፣ በመንገዳገድና በማቅለሽለሽ ይገለጣል። ራስ ምታቱ በወጣትነት ጀምሮ ማዞሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚከተልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ማዞሩ ሲመጣ ራስ ምታቱ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል፤ ለዚህም ነው ሰዎች ሁለቱን የማያገናኟቸው። በቤተሰብ ውስጥ የሚወርድ ሲሆን ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ያጠቃል። በልጅነትዎ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መኪና ያስመልስዎት ከነበረ እሱንም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ማይግሬን ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሲያድጉ እንዲህ ነበሩ።

የሚዛንን ስሜት በማጥናት የ1914 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ያገኙት ሮበርት ባራኒ ናቸው። በስማቸው የተሰየመው የባራኒ ማኅበር ከዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መስፈርት መሠረት፣ ሕመሙ ቬስቲቡላር ማይግሬን ነው ለማለት ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት የሚቆይና የዕለት ኑሮን የሚያውክ ማዞር ቢያንስ 5 ጊዜ መከሰት አለበት፤ ሰውየው ማይግሬን ያለበት ወይም የነበረበት መሆን ይኖርበታል፤ ማዞሩ ከመጣባቸው ጊዜያት ቢያንስ በግማሾቹ ደግሞ የማይግሬን ራስ ምታት፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት ወይም ዓይን ላይ የመብለጭለጭ ምልክት አብሮ መታየት አለበት፤ ነገሩን በተሻለ የሚያስረዳ ሌላ ሕመም እንደሌለም መረጋገጥ አለበት። በዚሁ መስፈርት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር በማየት የሚቀሰቀስ ማዞር ለብቻው ተጠቅሶ ይገኛል። እርስዎ ጠረጴዛው ፊት ቆመው ያዩትን ነገር ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር፣ በሌላ ሥራ ላይ ሆነው አይተውት ለሐኪም ተናግረውታል ማለት ነው።

ለምን ዓይን ያዞራል? መናኸሪያ ውስጥ፣ ገና ባልተነሣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አጠገብዎ የቆመው አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲወጣ የእርስዎ ወደ ፊት የሄደ መስሎዎት ደንግጠው ያውቁ ይሆናል። አንጎላችን ቆመናል ወይስ እየሄድን ነው የሚለውን ለመፍረድ ሦስት ምስክሮችን ይሰማል። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው ውስጠኛው ጆሮ ሲሆን፣ በየጆሯችን ውስጥ ራስ ሲዞር የሚያስታውቁ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮችና ቀጥታ ጉዞንና የመሬትን ስበት የሚለኩ ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች አሉ። ሦስተኛው ከእግር ጫማ፣ ከመገጣጠሚያና ከአንገት ጡንቻ የሚመጣው ስሜት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ዓይንዎ «ሄድን» ሲል ጆሮዎና የተቀመጡበት ወንበር «አልሄድንም» ይላሉ፤ የጤነኛ ሰው አንጎል በአንድ አፍታ ዓይኑ እንደተሳሳተ ይፈርድና ነገሩ ይረሳል።

ማይግሬን ባለበት አንጎል ይህ ፍርድ ይዘገያል። ማይግሬን ያለበት ሰው አንጎል ሌላው ሰው ቶሎ የሚለምደውንና ችላ የሚለውን ብርሃን፣ ድምፅ፣ ሽታና እንቅስቃሴ እንደ አዲስ ይቀበለዋል፤ መላመድ ይቸግረዋል። ይህ ደግሞ ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሁለት ሕመም መካከል ባሉት ደህና ቀናትም ይኖራል። ሚዛኑ የተናጋበት ሰው ደግሞ ጆሮውን ማመን ስለሚያቅተው ከሦስቱ ምስክሮች መካከል አብልጦ ዓይኑን ያምናል፤ ስለዚህ ዓይኑ ያየው እንቅስቃሴ ሁሉ የራሱ እንቅስቃሴ ይሆንበታል።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎ ይመለሱ። ጨርቁ ሰፊ ነው፤ ቀርቦ ስለሚታይ ከጎን ወደ ጎን እይታዎን ይሞላዋል፤ ከሥሩ በመብራት ደምቋል፤ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ነጩና ጥቁሩ መስመር ሲፈራረቅ ዓይን አንዱን መስመር ይዞ ይከተላል፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይለቅና ተመልሶ ሌላውን ይይዛል፤ በአንድ ፈረቃ ይህን የሚያደርገው ሺህ ጊዜ ነው። የሐኪም ቤት የሚዛን መመርመሪያ ክፍሎች ሆን ብለው የዓይንን ምላሽ ለመፈተሽ የሚጠቀሙት እንዲህ ያለውን ባለመስመር ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ «ሥራው ስለሰለቸሽ ነው» ሲሉ፣ እርስዎ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ከመመርመሪያ መሣሪያ ፊት ቆመው እንደሚውሉ ቢያስረዷቸው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ባጃጁም ያው ነው፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ አጥሩና በዋናው መንገድ ዳር የተተከሉት የዘንባባ ግንዶች በቅርብ ይሮጣሉ፤ በግንዶቹ መካከል ፀሐይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ገበያ ውስጥ ሰው በየአቅጣጫው ይተላለፋል፤ ዓይን የሚያርፍበት የቆመ ነገር ያጣል። ሐይቁ ላይ ደግሞ ውኃው ራሱ ያብረቀርቃል፣ መሬት መስሎ ተዘርግቶ ሳለ መሬት አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በቅድሚያ ሐኪም ይይዎት። በመጀመሪያ ያዩዎት ሐኪም ወደ ነርቭ ሐኪም ወይም ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ከመሄድዎ በፊት ለአራት ሳምንት ያህል በአንድ ደብተር ላይ ማዞሩ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ራስዎን አሞዎት እንደሆነ፣ ብርሃን ወይም ድምፅ ጠልተው እንደሆነ፣ የወር አበባዎን ቀን፣ የተኙበትን ሰዓትና የዋጡትን መድኃኒት ይመዝግቡ። ይህ ደብተር ከብዙ ውድ ምርመራ የበለጠ ይነግራቸዋል። የራስ ቅል ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ በዚህ ሕመም ላይ ብዙውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይወጣል፤ ሐኪሙ የሚያሳስብ ምልክት ካላዩ በስተቀር ተበድረው እንዲነሡ አልመክርዎትም።

ሐኪሙ ሌሎች ሕመሞችንም ይለያሉ። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ብቻ የሚመጣና ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ ማዞር በጆሮ ውስጥ ከቦታው በተነቀለ ደቃቅ ጠጠር የሚመጣ ሲሆን ሐኪሙ ራስዎን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር ይፈውሱታል። ከማዞሩ ጋር አንድ ጆሮ እየደነቆረ የሚጮኽ ከሆነ የጆሮ ምርመራ ያስፈልጋል። ማዞሩ ከሦስት ወር በላይ ቀን ከቀን ሳያቋርጥ ከቀጠለ ደግሞ ከማይግሬኑ በተጨማሪ የሚታከም ሌላ ችግር አብሮ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ማዞሩ ከአፍ መኮላተፍ፣ ከፊት ወይም ከእጅ መዛል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ጨርሶ ቆሞ ለመሄድ ካለመቻል፣ በድንገት ከጀመረ ከባድ ራስ ምታት፣ ከድንገተኛ መደንቆር ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ደብተሩን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሕመሙ ቬስቲቡላር ማይግሬን መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ማይግሬኑን ማብረድ፣ ቀጥሎ ዓይንን ማለማመድ ነው። የማይግሬን አንጎል የሚወደው የማይለዋወጥ ኑሮ ነው። ፈረቃዎ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ይህ ከባድ ነው፤ ቢያንስ በአንድ ፈረቃ ላይ እንዲቆዩ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የቀን ፈረቃ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተኝተው፣ በዕረፍት ቀንም ቢሆን በተለመደው ሰዓት ይነሡ። ውኃ በፈረቃው መካከል ይጠጡ። ቡናን በድንገት አይተዉት፤ በሥራ ቀን አንድ ሲኒ ብቻ ጠጥተው እሁድ ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱንም መጠጣት፣ ወይም ዕለት ዕለት ጠጥተው አንድ ቀን መዝለል ሁለቱም ራስ ምታት ይቀሰቅሳሉ። መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሰው በተመሳሳይ ሰዓት ይጠጡ።

የጾም ነገር ስስ ነው፤ ግን ሳልነካው አላልፍም። ባዶ ሆድ ከታወቁት የማይግሬን ቀስቃሾች አንዱ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ፊት መቆም ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይከብዳል። የምግቡ ዓይነት ጾም ሆኖ ሰዓቱ ቢቀርብልዎት ይረዳዎታልና የሐኪሙን ቃል ይዘው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እናትዎ ስለ ጸበል የሚሉትንም አልቃወምም፤ መጠመቅ ከፈለጉ ይጠመቁ፤ ብቻ መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙና ሳይበሉ የሚቆዩበትን ሥርዓት ሕመሙ እስኪበርድ ያቆዩት። እናትዎ ራሳቸው ማይግሬን የነበረባቸው ስለሆነ፣ «እማዬ፣ ያንቺው ሕመም ነው መልኩን ቀይሮ የመጣብኝ» ብለው ቢነግሯቸው ከማንም በላይ የሚረዱዎት እሳቸው ይሆናሉ።

ስለ መድኃኒት የምለው አጭር ነው። ለማስታገሻ ብለው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ከሆነ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ሲናሪዚንና ፕሮሜታዚንን የመሰሉ የማዞር ማስታገሻዎች ለከፋው ቀን ብቻ ናቸው፤ ለወራት ሲወሰዱ አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይማር ያዘገዩታል። ማዞሩ ከተደጋገመ ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ሊያዙ ይችላሉ፤ ፕሮፕራኖሎል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉናሪዚንና ቶፒራሜት ለዚህ ይታዘዛሉ። አስም ካለብዎት፣ ድብርት ኖሮብዎት ከሆነ ወይም ሁለተኛ ልጅ ካሰቡ ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ፤ ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት፣ ፍሉናሪዚን ድብርት ላለበት፣ ቶፒራሜት ለእርጉዝ አይሆንም። መከላከያ መድኃኒት ለውጡ የሚታወቀው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነውና በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው አይጣሉት።

መጋረጃ ዘግተው መተኛትዎ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ተገቢ ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን በደህናው ቀንም ከጨለማ ካልወጡ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ካደረጉ፣ ገበያውንና ባጃጁን ከተዉ ዓይንዎ የለመደው ጨለማና የቆመ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ትንሹ ብርሃንና ትንሹ እንቅስቃሴ እንኳ ይበዛበታል። አንጎል እንቅስቃሴን የሚላመደው እንቅስቃሴን በልክ ሲያይ ነው።

ልምምዱን፣ ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ ከእሳቸው ጋር፣ ካላገኙም ሐኪምዎን አስፈቅደው ማዞሩ ባልተነሣበት ቀን ይጀምሩ። ተቀምጠው አውራ ጣትዎን ክንድዎን ዘርግተው ከፊትዎ ያቁሙ፤ ዓይንዎ ጥፍርዎን ሳይለቅ ራስዎን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዙሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሲለመድ ቆመው ያድርጉት፤ ከዚያም ከጣትዎ ኋላ ግድግዳው ላይ ባለመስመር አንሶላ ሰቅለው ያድርጉት። ስልክዎንም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ገፍተው፣ ቀና ብለው በሩን ወይም ግድግዳውን አይተው፣ ደግመው ይግፉት። ትንሽ ማዞር መሰማቱ ልምምዱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ልኩ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ነበሩበት መመለስዎ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ በማግስቱ ግማሹን ብቻ ያድርጉ። ባጃጅ ውስጥ ወደ ጎን አይዩ፤ በሾፌሩ ትከሻ በኩል ሩቅ ያለውን መንገድ ይዩ፣ እግርዎ ወለሉን አጥብቆ ይርገጥ።

ሥራዎን ይተዉ ወይ ላሉኝ፣ አሁን አይተዉ እላለሁ። ሕመሙ ሳይታከም ሥራ ቢለቁ ሕመሙም አብሮዎት ይሄዳል፣ ደመወዙ ግን ይቀራል። ከሐኪምዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው አለቃዎን ያነጋግሩ፤ ለጥቂት ወራት ባለመስመሩን ጨርቅ ሌላ ሰው ይዞ እርስዎ አንድ ወጥ ቀለም ያለውን ቢፈትሹ፣ የጠረጴዛው ፍጥነት ቀነስ ቢል፣ የሚርገበገብ አምፖል ካለ ቢቀየር፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ደቂቃ ዓይንዎን በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ቢያሳርፉ፣ ይህም ካልተቻለ ለጊዜው ወደ ማጠፊያው ወይም ወደ ማሸጊያው ቢዛወሩ እያሉ በዝርዝር ይጠይቁ። «አሞኛል» ከሚለው ቃል ይልቅ እንዲህ ተዘርዝሮ የቀረበ ጥያቄ ለአለቃም ለመፈጸም ይቀላል። መከላከያው ሦስት ወር ተወስዶ፣ ልምምዱም ተሠርቶ ጠረጴዛው ፊት መቆም ካልቻሉ ያኔ የሥራ ለውጥ እናስብ።

ፍቅር ሐይቅንም አይተዉት። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ፣ ፀሐይ ከጀርባዎ ሳለች ይሂዱ። ከዛፍ ግንድ ላይ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይቀመጡ፤ ሁለት እግርዎ መሬት ይርገጥ። መጀመሪያ ከውኃው ማዶ ያለውን የተራራውን ጫፍ ይዩ፤ እሱ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ዓይንዎን ቀስ አድርገው ወደ ውኃው ያውርዱና አሥር እስኪቆጠር ሞገዱን ይዩት፤ ወዲያው ወደ ተራራው ይመለሱ። በመጀመሪያው እሁድ ይህን ሦስት ጊዜ አድርገው ይነሡ፤ በሚቀጥለው አሥሩ አሥራ አምስት ይሁን። ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚቆጥርልዎ ልጅዎ ይሁን።